ጣፋጩ ነጭ ወይን ጋዝ ጋዝ ሸተተኝ፤ ተበላሽቶ ነው?

ሰላም_ማይንዝ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ወይን ነገር የሚገባችሁ ካላችሁ እስቲ አንድ በሉኝ። አከራዬ ጀርመናዊት ናቸው፣ ትልቅ ሴትዮ። ሰሞኑን ምድር ቤታቸውን ሲያፀዱ ሁለት ጠርሙስ ነጭ ወይን አወጡና "እኔን ሐኪም ከልክሎኛል፣ አንቺ ጠጪው" ብለው ሰጡኝ። ላዩ ላይ ሪስሊንግ፣ ሞዘል፣ ሽፔትሌዘ፣ 2007 ይላል። አልኮሉ 8 በመቶ ነው። ዘግይቶ የተለቀመ ወይን መሆኑ ይገባኛል፣ ከዚያ በላይ ግን ምንም አላውቅም።

ትናንት ማታ አንዱን ከፈትኩት። ቡሹን ስስበው ታችኛው ጫፉ ላይ የሚያብለጨልጭ ነጭ ፍርፋሪ ተጣብቋል። ጠርሙሱ ስርም አለ። የተሰባበረ መስታወት መስሎኝ ክው አልኩ። ቀለሙ ወርቃማ ሆኗል። ሸተት ሳደርገው ደግሞ ነጭ ጋዝ! ያ ኩራዝ ውስጥ የምንጨምረው ጋዝ ራሱ። እየፈራሁ ትንሽ ቀመስኩለት። ማር ማር ይላል፣ የደረቀ አፕሪኮት ነገርም አለው፣ ግን እንደጠበቅኩት አፍ ላይ አይዝም፤ መጨረሻው ላይ ጎምዘዝ ብሎ ምራቅ ያመጣል።

እና ይሄ ነገር ተበላሽቷል ወይስ ጠባዩ ነው? እሁድ እንግዶች አሉኝ፣ ዶሮ ነው የምሠራው፣ ሁለተኛውን ጠርሙስ ባቀርበው መሳቂያ እሆናለሁ? ባለቤቴ "ስኳር የጨመሩበት የጀማሪ ወይን ነው" ብሎ ጭራሽ አልቀምስም ብሏል።

ጋሽ_ቡሽ፦

ሰላምዬ፣ እንዳትደፊው! ደፍተሽው ከሆነ ደግሞ እዚህ አትንገሪኝ፣ ሆዴ ይባባል።

ፍርፋሪው መስታወት አይደለም። ወይን ውስጥ ታርታሪክ የሚባል አሲድ በተፈጥሮ አለ፤ ጠርሙሱ ቀዝቃዛ ቦታ ብዙ ሲቆይ ከፖታሲየም ጋር ተያይዞ ይጠጥርና ይዘቅጣል። ሰው አይጎዳም። ጠርሙሱን አቁመሽ አሳድሪው፣ ቀስ ብለሽ ቅጂ፣ የመጨረሻዋን ጉንጭ ተያት፤ በቃ።

የጋዙ ሽታ ሪስሊንግ የሚባለው የወይን ዘር ጠባይ ነው። ቲዲኤን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ፍሬው ዛፉ ላይ እያለ ፀሐይ በደንብ ሲያገኘው መነሻው ልጣጩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ወይኑ ጠርሙስ ውስጥ ሲያረጅ ደግሞ ቀስ እያለ ይወጣል። የ2007 ሪስሊንግ ጋዝ ባይሸት ነበር የሚገርመኝ። ይህንኑ ሽታ ፍለጋ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ፤ አፍንጫቸውን ይዘው የሚሸሹም አሉ። እኔ ትንሽ ሲሆን እወደዋለሁ፣ ሲበዛ ይሰለቸኛል። ብርጭቆ ውስጥ ሩብ ሰዓት ያህል አቆይተሽ መልሰሽ አሽትቺው፣ ሌላው መዓዛ ይከፈትልሻል።

የእውነት የተበላሸውን መለየት ቀላል ነው። የረጠበ ካርቶን ከሸተተሽ ቡሹ አበላሽቶታል። ኮምጣጤ ከሸተተሽ አየር ገብቶታል። አንቺ የነገርሽን ማርና አፕሪኮት ግን የጤነኛ ወይን ምልክት ነው። ባልሽ ባይቀምስ ደግሞ ለአንቺ ተረፈ፣ ምን ቸገረሽ!

አቤል_ከኮብሌንዝ፦

ስኳሩን እኔ ልመልስ፣ ለቀማ ላይ ወገቤ የተቆረጠ ሰው ስለሆንኩ።

ጀርመን ውስጥ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ እየተባለ ደረጃ የሚወጣለት ወይን ላይ ስኳር መጨመር በሕግ ክልክል ነው። ደረጃው ራሱ የሚሰጠው ፍሬው ሲለቀም ባለው ስኳር ነው። ኧክስለ በሚባል መለኪያ ይለካል። እንደ አካባቢውና እንደ ወይኑ ዘር ይለያያል እንጂ ሽፔትሌዘ ለመባል ከ76 እስከ 90 ይጠየቃል፣ አውስሌዘ ለመባል ከ83 እስከ 100። ትሮክንበረንአውስሌዘ የሚሉት የመጨረሻው ደረጃ 150ና ከዚያ በላይ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ፍሬው ዘቢብ ሆኗል፣ አንድ በአንድ ነው የሚለቀመው፣ ዋጋውም ሰው ያስለቅሳል።

እንዴት ጣፋጭ ሆኖ ይቀራል ካላችሁ፣ እርሾው ስኳሩን በልቶ ሳይጨርስ ያስቆሙታል። ጋኑን በጣም ያቀዘቅዙትና እርሾውን ያጣሩታል። የሰላም ወይን አልኮል 8 ላይ የቆመው ለዚህ ነው፣ ያልተበላው ስኳር ውስጡ ቀርቷል። ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ የአልኮሉን ቁጥር እዩ። ሽፔትሌዘ ብሎ አልኮሉ 12 ወይም 13 ከሆነ ስኳሩ አልቋል ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ "ትሮከን" (ድራይ፣ ጣፋጭ ያልሆነ ማለት ነው) የሚል ቃልም ይጨምሩበታል። ዘግይቶ መለቀም ብቻውን ጣፋጭ አያደርግም።

ለቀማው ራሱ ደግሞ ጉድ ነው። ሞዘል ወንዝ ዳር ያለው ቁልቁለት ቀልድ አይደለም፣ ብሬም አጠገብ ያለው ካልሞንት የሚባለው ተራራ 65 ዲግሪ ድረስ ይቆማል። አፈር ብሎ ነገር የለም፣ እየተነባበረ የሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ቀን የጠጣውን ፀሐይ ማታ ይመልሳል። ጠዋት ከወንዙ ጉም ይነሳል፣ እጅህ ይደነዝዛል፣ ከሰዓት በኋላ ጃኬትህን ታወልቃለህ። ሁለት ባልዲ ይሰጡሃል። ዘለላውን ቆርጠህ ትገለብጠዋለህ፣ በጣትህ ከፈት አድርገህ ውስጡን ታያለህ። ቡናማ ሆኖ የተጨማደደው፣ ግራጫ የሻጋታ ዱቄት የለበሰው ወደ አንደኛው ባልዲ፤ ቢጫው ጤነኛው ወደ ሌላኛው። ስትነካው ዱቄቱ ቡን ይልና አፍንጫህ ውስጥ ይገባል። ጥርጣሬ ካለህ ታሸተዋለህ፣ ኮምጣጤ ከሸተተ መሬት ላይ ትጥለዋለህ። አለቃችን ባልዲያችንን እየዞረ ያሸት ነበር፣ እውነቴን ነው። አንዲት የኮመጠጠች ዘለላ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ይውላል።

ድራይ_ብቻ፦

አቤል ግማሹን ነገርከን። ስኳር መጨመር ክልክል ነው፣ እሺ። ያልፈላ የወይን ጭማቂ አስቀምጠው መጨረሻ ላይ ቢጨምሩበት ግን ሕጉ ይፈቅዳል፣ "ዙስሬዘርቨ" ይሉታል። ታዲያ ልዩነቱ ምንድነው? የሰላም ባል እውነት አለው ባይ ነኝ። ሱፐርማርኬት ውስጥ "ሊብሊሽ" (ጣፈጥ ያለ) የሚል ርካሽ ጠርሙስ ሞልቷል፣ ሁለት ብርጭቆ ጠጥተህ ጠዋት ጭንቅላትህ ሊፈነዳ ይደርሳል። ጣፋጭነት የወይንን ጉድ መሸፈኛ ነው። እኔ ጉደር ላይ ያደግኩ ሰው ነኝ፣ ወይን ከጣፈጠኝ ጠጅ ቤት እሄዳለሁ።

አቤል_ከኮብሌንዝ፦

@ድራይ_ብቻ ስለ ጭማቂው ልክ ነህ፣ ይፈቀዳል፣ የሚያደርጉም አሉ። ሞዘል ላይ ስማቸውን የሚጠብቁት ግን በአብዛኛው ፍላቱን ማስቆም ነው የሚመርጡት። ርካሹን ሊብሊሽና ይሄንን አንድ ላይ መውቀጥህ ግን አግባብ አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ስኳሩ ሳይሆን አሲዱ ነው። የሞዘል ሽፔትሌዘ በሊትር ከ60 እስከ 90 ግራም ስኳር ቢኖረው የተለመደ ነው። ኮካ በሊትር 106 ግራም አለው፣ አንተም ባልየውም ኮካ ስትጠጡ "የጀማሪ" አትሉም አይደል? ሪስሊንግ ቀዝቃዛ አገር ላይ ቀስ ብሎ ስለሚበስል እስከ ጥቅምት፣ ኅዳር ዛፉ ላይ ቢቆይም አሲዱን አይጥልም። ሰላም "አፍ ላይ አይዝም፣ ምራቅ ያመጣል" ያለችው ያንን ነው። ርካሹ ጣፋጭ ላይ የሚጎድለውም እሱ ነው፣ ስኳር ብቻውን ሲሆን ምላስ ላይ ይተኛል።

ፒያሳ_ልጅ፦

እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ሻጋታ የለበሰ ወይን ጨምቆ መጠጣት መጀመሪያ ማን አሰበው? እኛ ቤት ሻጋታ የታየበት እንጀራ እንኳ ለከብት ነው የሚሄደው። 😂

ጋሽ_ቡሽ፦

ፒያሳ፣ ጥሩ ጠየቅህ። ሻጋታው ቦትሪቲስ ይባላል። ልጣጩን በጣም በጥቃቅኑ ይበሳሳዋል፣ ውሃው ይተናል፣ ስኳሩም አሲዱም ውስጥ ይከማቻል፣ የራሱንም የማርና የብርቱካን ልጣጭ ዓይነት ጣዕም ይጨምርበታል። ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ፀሐይ ይፈልጋል። ፈረንሳይ ውስጥ ሶተርን የተባለው ቦታ ስሙ የገነነው ለዚህ ነው፤ ሲሮን የምትባል ቀዝቃዛ ትንሽ ወንዝ ሞቅ ካለው ጋሮን ጋር ስትገናኝ የመከር ጉም ይነሳል። ዝናብ ከቀጠለ ግን ያው ሻጋታ ሁሉን አበስብሶ ገበሬውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል።

ማን ጀመረው ላልከው፣ እዚሁ ሰላም ሰፈር አጠገብ ራይንጋው ላይ ሽሎስ ዮሃኒስበርግ የሚባል ቦታ አለ። እርሻው የፉልዳው ገዢ ጳጳስ ንብረት ነበር፣ እሱ ሳይፈቅድ አንድ ዘለላ አይቆረጥም። በ1775 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፈቃድ ሊያመጣ የሄደው ፈረሰኛ ሳይመለስ ቀረ፤ ለምን እንደዘገየ ሁሉም የራሱን ተረት ይነግርሃል። ሲመጣ ፍሬው በስብሷል። መነኮሳቱ ምን ያድርጉ፣ ለቀሙትና ጠመቁት። በዓመቱ ሲቀምሱት እንዲህ ዓይነት ወይን አይተውም አያውቁም። የፈረሰኛው ሐውልት ግቢው ውስጥ ቆሟል፤ ከማይንዝ ሩቅ አይደለም፣ ሰላም እንግዶችሽን ይዘሽ ሂጂ።

ቡዳፔስት_ተማሪ፦

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ሃንጋሪዎቹ ይህን ቢሰሙ ይጣሉዎታል። ቶካይ ላይ አሱ የሚባለው ከሻገተና ከተጨማደደ ፍሬ የሚጠመቅ ወይን በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰነዶች ውስጥ አለ። የቶካይ የወይን ድንበር በንጉሥ አዋጅ የተከለለው ደግሞ በ1737 ነው፣ ፈረሰኛዎ ሳይነሳ።

አሠራራቸውም ለየት ይላል። የደረቀውን ፍሬ ለብቻው ለቅመው በወይን ወይም በሚፈላ ጭማቂ ይዘፈዝፉታል፣ ከዚያ ይጨምቁታል። ጠርሙሱ ላይ 5 ወይም 6 ፑቶኞሽ ካለ የስኳሩን መጠን ነው የሚነግርህ፣ 5 ከሆነ ቢያንስ 120 ግራም በሊትር፣ 6 ከሆነ 150። እኛ ተማሪዎች ግን አሱ አቅማችን አይደለም፣ ርካሽ የሆነውን ዘግይቶ የተለቀመ ቶካይ ነው የምንገዛው። እሱም አይታማም።

ጋሽ_ቡሽ፦

@ቡዳፔስት_ተማሪ ተቀብያለሁ ልጄ። ፈረሰኛው የራይን ታሪክ ነው ብለን እንለፈው። ሐውልቱን ግን አላፈርስም።

ሐና_ቶሮንቶ፦

ሰላም፣ እኔ ወደ ዶሮሽ ልመልስሽ፣ እነዚህ ሰዎች እሁድ እስኪደርስ ታሪክ ሲያወሩ ነው የሚከርሙት።

እኔ ናያግራ አካባቢ ስለምመላለስ አይስ ወይንን በደንብ አውቀዋለሁ። እዚህ ፍሬው ዛፉ ላይ ከዜሮ በታች 8 ዲግሪ ሆኖ እስኪበርድ ይጠበቃል፣ ሌሊት ላይ በረዶ እንደሆነ ይለቀማል፣ በረዶ እንደሆነ ይጨመቃል፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ይቀርና ወፍራሙ ጭማቂ ብቻ ይወርዳል። ኢኒስኪሊን የተባለው ድርጅት የ1989ኙን ይዞ በ1991 ፈረንሳይ ላይ ትልቅ ሽልማት ከወሰደ ወዲህ ነው ዓለም የሰማው። ጀርመኖቹ ከዜሮ በታች 7 ነው ሕጋቸው፤ አሁን አሁን ክረምቱ እየሞቀ ዓመቱ ባዶ የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ይህን የነገርኩሽ አይስ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር እንዳትሞክሪ ነው። ስኳሩ ከመጠን በላይ ነው፣ ወጡን ይገድለዋል፣ ወይኑም ይባክናል። የአንቺው ሽፔትሌዘ ግን ሌላ ነው። በርበሬ የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው፦ ቅዝቃዜ፣ ትንሽ ጣፋጭነት፣ ዝቅ ያለ አልኮል። 14 በመቶ አልኮል ያለው ቀይ ወይን ከቃሪያና ከበርበሬ ጋር ስትጠጪ ጉሮሮሽ ላይ እሳት የሚነደው አልኮሉ የበርበሬውን ማቃጠል ስለሚያብሰው ነው፤ የቀዩ ድርቀትም ይጨመርበታል። የአንቺ ወይን 8 ነው፣ ቀዝቅዞ ሲመጣ ያበርደዋል። ቅቤውን ደግሞ አሲዱ ይጠርግልሻል። እኔ እንግዲህ አስቀርበው ነበር።

ድራይ_ብቻ፦

ዶሮ ወጥና ጣፋጭ ወይን... እኔ እንጃ። ቀዝቃዛ ቢራ ምን ነካው? 2007 የተጠመቀ ወይን እኮ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ምድር ቤት የጠበቀውን ነገር በቁሌትና በነጭ ሽንኩርት ልታፍኑት ነው። ይህን የምለው እኔ ጣፋጭ ወይን የማልወደው ሰው ነኝ፣ ለወይኑ አዝኜለት!

ጋሽ_ቡሽ፦

@ድራይ_ብቻ ሳላስበው ከአንተ ጋር ተስማማሁ፣ ዛሬ ዝናብ ይዘንባል። ወጣት ሽፔትሌዘ ቢሆን ከሐና ጋር ነኝ፣ ከዶሮ ጋር ጥሩ አድርጎ ይሄዳል። የ2007ቱ ግን አርጅቷል፣ ጣፋጭነቱም ውስጥ ገብቶ ለስለስ ብሏል፣ ቁሌት ይጫነዋል። ሰላምዬ፣ ለዶሮው ከ10 እስከ 20 ዩሮ የሚሸጥ አዲስ የሞዘል ሽፔትሌዘ ግዢ፣ ማይንዝ ላይ ሆነሽ አይቸግርሽም። የአከራይሽን ጠርሙስ ከምግብ በኋላ፣ ቡና ሳይቀርብ በፊት አውጪው። ከሰማያዊ ሻጋታ ያለው አይብ ጋር ሞክሪው፤ ፈረንሳዮቹ ሮክፎርን ከሶተርን ጋር የሚያጣምሩት ጨውና ጣፋጭ ስለሚፈላለጉ ነው። እንግዶችሽ የፈረንጅ አይብ ካልሆነላቸው ጭኮ አቅርቢ። ቀልዴን አይደለም፤ ቅቤውና የገብሱ ቁላት ከዚህ ወይን ጋር ሲገናኝ እኔ ቤት ፀጥታ ነው የሚሆነው።

ኬክና ክሬም ግን አይሆንም። ምግቡ ከወይኑ በላይ ከጣፈጠ ወይኑ ሎሚ ሎሚ ብቻ ይልሻል።

ሰላም_ማይንዝ፦

እናንተ ሰዎች ተባረኩ። ጭኮ አለኝ! እናቴ የላከችው። የተከፈተው ጠርሙስ ግማሹ ተርፏል፣ ስንት ቀን ይቆያል? ባለቤቴ ደግሞ የኮካዋን ነገር ካነበብኩለት በኋላ "አንድ ጉንጭ ስጪኝ" ብሎ ቀመሰ። "ጋዙን ተዪው እንጂ ክፉ አይደለም" ነው ያለኝ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አቤል_ከኮብሌንዝ፦

ቡሹን መልሰሽ ግጠሚና ፍሪጅ ውስጥ አቁሚው። ስኳሩና አሲዱ ስለሚጠብቁት ከድራይ ወይን ይልቅ ይቆያል፤ ሳምንት ያህል ምንም አይሆንም። ያረጀ ስለሆነ ግን እኔ ብሆን ከሦስት ቀን አላሳልፈውም። ስታቀርቢ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ይሁን፤ ከፍሪጅ አውጥተሽ ትንሽ አቆይተሽ ማለት ነው። በጣም ከበረደ መዓዛው ይታፈናል። ብርጭቆውን አትሙዪው፣ ሦስት አራት ጉንጭ በቂ ነው፣ ሲያንስ ራሳቸው ይጠይቁሻል።

ፒያሳ_ልጅ፦

እኛስ አዲስ አበባ ያለን? አካሺያ ሚዲየም ስዊት ይሆናል ወይስ ሌላ ነገር ነው?

ሐና_ቶሮንቶ፦

አካሺያ የዝዋይ ወይን ነው፣ ለጨዋታ ጥሩ ነው፣ ቀዝቅዞ ከጥብስ ጋር እኔም አገር ቤት ስመጣ እጠጣዋለሁ። ዘግይቶ የተለቀመ ብሎ ግን አያውቅም፣ ያንን አትጠብቅበት። አዲስ አበባ ውስጥ የደቡብ አፍሪካ ወይን የሚሸጡ ቤቶች ካገኘህ ጠርሙሱን ገልብጠህ አንብብ። "ሌት ሃርቨስት" ብቻ የሚለው ቀለል ያለ ጣፋጭ ነው። "ኖብል ሌት ሃርቨስት" ካለ ግን ጋሼ የነገሩህ ሻጋታ የገባበት ነው፣ ስኳሩም በሊትር ከ50 ግራም በላይ መሆን አለበት፣ ብዙ ጊዜ በግማሽ ጠርሙስ ነው የሚሸጠው። ትልቅ ኪስ ካለህ ደግሞ ኬፕ ታውን አጠገብ ኮንስታንሺያ የሚባል ቦታ የሚወጣ አለ፣ ናፖሊዮን ሴንት ሄለና ደሴት ላይ ታስሮ ሳለ ያስመጣው የነበረው።

ፒያሳ_ልጅ፦

ናፖሊዮን ታስሮ እንኳ ከእኔ ይሻላል። ኖብል የሚለውን ቦሌ ልዞርለት ነው፣ ካገኘሁ ዋጋውን እዚሁ እጽፋለሁ።

ድራይ_ብቻ፦

ዋጋውን ስትጽፍ የግማሽ ጠርሙስ መሆኑን አትርሳ። ሰላም፣ እሁድ ጭኮው ካለቀ በኋላ የተረፈ ወይን ካለ ደግሞ... እኔ ፍራንክፈርት ነኝ፣ በባቡር ቅርብ ነው።